አውጪና ተቀባይ

ደርግ ከወደቀ ወዲህ ነው፤ በ1985 ዓ.ም. ግድም። በሶዶ ከተማ በአንድ አጥቢያ የወጣቶች መዘምራን ውስጥ ሁለተኛ ድምፅ እዘምር ነበር። ተዘግተው የከረሙት ጸሎት ቤቶች ተከፍተው ሞንታርቦና ኪቦርድ የሚገባላቸው ጊዜ ነበርና እኛ ወጣቶቹ ከእሑድ እስከ እሑድ ሌላ ወሬ አልነበረንም። አንድ እሑድ በወላይትኛ የደረስነውን አዲስ መዝሙር አቀረብን። ምእመኑ አጨበጨበ፤ እናቶች እልል አሉ፤ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ደግሞ ትከሻቸው አላስቀምጥ አላቸው። ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው። ከአምልኮው በኋላ ሽማግሌዎቹ ከመድረኩ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ጠሩን።

«ቃሉ መልካም ነው» አሉን አንደኛው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ምቱ ግን የዘፈን ነው። በቴሌቪዥን ወገባቸውን የሚያወዛውዙበትን ምት ወደ እግዚአብሔር ቤት ማን አስገባው?»

ማናችንም አልመለስንም። ኪቦርድ የሚጫወተው ጓደኛችን መሬት መሬት ያይ ነበር። መዝሙሩ ከዚያ ወዲያ አልተዘመረም፤ ጓደኛችንም ለሦስት ወር ከመድረክ እንዲቆይ ተደረገ።

ቤት ስገባ አያቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ቦሎቄ ትፈለፍል ነበር። ንዴቴን ዘረገፍኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «እስቲ ምቱን ምታልኝ» አለችኝ። ባዶ ጀሪካን ገልብጬ መታሁላት። ሳቀች። ከዚያ ሰፌዱን ከጉልበቷ አውርዳ የዮናስን ታሪክ ከመርከቡ እስከ ዓሣው ሆድ ድረስ በወላይትኛ ታዜመው ጀመረች፤ በዚያው ምት። ትንሽ ዘገም ይላል እንጂ ያው ነው። «ይኼን በጣሊያን ጊዜ ሌሊት ሌሊት ነበር የምንዘምረው» አለችኝ። «ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ የት ነበር?»

ውድ አንባቢ፣ ከዚያን ዕለት ጀምሮ በመዝሙርና በዘፈን መካከል ያለው አጥር ማን መቼ እንደ ሠራው ስጠይቅ ኖሬአለሁ። እዚህ የማቀርበው በእኔው አገር በወላይታ ያገኘሁትን ነው።

የወላይታ ሰው ሲያርስም ሲያጭድም፣ ሲድርም ሲቀብርም በዜማ ነው። በመስከረም የሚውለው ጊፋታ፣ የዘመን መለወጫው፣ ያለ ዜማና ያለ ጭፈራ አይታሰብም። አዘፋፈኑ ደግሞ የብቻ አይደለም። አንድ አውጪ ይነሣል፤ ግጥሙን እዚያው ቆሞ ይፈጥረዋል፤ ሕዝቡ አንዲት አጭር አዝማች ይዞ ይቀበለዋል። ተቀባዮቹ አውጪው ጨርሶ እስኪዘጋ ሁልጊዜ አይጠብቁትም፤ ጫፉ ላይ ይደርቡበታል። ይህ የድምፅ መደራረብ የወላይታ ብቻ ሀብት አይደለም። ከእኛ በስተ ደቡብ ምዕራብ በጋሞ ደጋ የሚኖሩት ዶርዜዎች በብዙ ድምፅ የሚያዜሙት ዜማ የዓለምን የሙዚቃ አጥኚዎች ሲያስገርም የኖረ ነው። አውጪ መሆን ክብር ነበረው። አውጪ ግጥም ፈጣሪ ነው፤ የታሪክ መዝገብም ነው፤ ሲያሻው ደግሞ ሰው ይሸነቁጣል።

ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. በምኒልክ ጦር ተሸንፎ የወላይታ መንግሥት ካከተመ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት፣ ገባሩ ሕዝብ መሬቱንም ንጉሡንም ባጣበት ዘመን፣ ከጋሞ ምድር ኤሳ የሚባል ሰው ተነሣ። ለመናፍስት መሠዋት ተዉ፣ ጦሳን ብቻ ለምኑ እያለ ሰበከ። ጦሳ የሰማዩ አምላክ ጥንታዊ ስም ነው። መንግሥት በኤሳ እንቅስቃሴ ተጠራጥሮ አገደው፤ ነገሩ ግን በሰው ልብ ቀረ። ይህን የማነሣው ያለ ነገር አይደለም። ኋላ የመጡት ሚሲዮናውያን ለአምላክ ሌላ ስም አላመጡም፤ የወላይትኛው መጽሐፍ ቅዱስ እስከ ዛሬ ጦሳ ነው የሚለው። ስሙ ከጥንቱ እምነት ተሻግሮ ከገባ፣ ዜማውስ ለምን አይገባም? እኔ እንዲህ እል ነበር፤ አያቴ ግን፣ ወደ ኋላ እንደምታዩት፣ ነገሩን እንዲህ አታቀለውም።

የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ሰዎች በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት አገር ገብተው ሶዶ የደረሱት በ1920 ዓ.ም. ነው። ከከተማው አጠገብ ኦቶና ላይ ሰፈሩ፤ ሕክምናም ጀመሩ። መዝሙር ይዘው ነበር፤ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ፣ ዜማውም የእነርሱው። በአራት መስመር ተከፍሎ፣ ሁሉም ሰው እኩል ጀምሮ እኩል የሚጨርሰው ዓይነት። አያቴ ይህን ስታስታውስ «ሁሉም ያወጣል፤ ማን ይቀበል?» ትል ነበር። ሥራቸው አዝጋሚ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ገደማ አማኞች የተጠመቁት በ1926 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን መጥቶ ሚሲዮናውያኑን በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ከሶዶ ሲያስወጣ በወላይታ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ እንደ ነበሩ ራሳቸው መዝግበዋል።

ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ግን 10 ሺህ ገደማ ምእመን ነበር። በመካከሉ የነበረው ዘመን የዱላና የእስር ነው። ዋንዳሮን የመሰሉ መሪዎች በአደባባይ ተገርፈዋል፣ ታስረዋል፤ ጸሎት ቤቶች ፈርሰዋል። መጽሐፍ ቢባል ጥቂት የተተረጎሙ ክፍሎች ናቸው፤ እነርሱንም ማንበብ የሚችለው በጣት የሚቆጠር ነው። እንግዲህ 48 ሰው ያለ መጽሐፍ፣ ያለ መምህር፣ በዱላ ሥር፣ እንዴት ዐሥር ሺህ ሊሆን ቻለ? ስለዚህ ዘመን የጻፉ ሰዎች ብዙ ምክንያት ይሰጣሉ፤ የሰዎቹን ፍቅር፣ የኤሳን መንገድ ጠራጊነት፣ የጭቆናውን ምሬት። ሁሉም ልክ ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱም ዜማው ነው።

በዚያ ዘመን ሚሲዮናውያኑ አልነበሩምና «ይህ ዜማ አይሆንም» የሚል አልነበረም። ሰዎቹ ወደሚያውቁት ተመለሱ። ማንበብ የሚችለው አንዱ ክፍሉን ያነባል፤ አውጪው ይሰማና በዜማ ያወርደዋል፤ ሕዝቡ በአንዲት አጭር ቃል፣ ብዙ ጊዜ በሃሌሉያ፣ ይቀበለዋል። አዝማቹን ለመያዝ ትንፋሽ ብቻ ይበቃል። እንግዳ የሆነ ሰው ገብቶ ቢቀመጥ በሁለተኛው ዙር ይቀበላል፤ በአሥረኛው ዙር ታሪኩን ያውቀዋል፤ በማግስቱ እርሻው ላይ ራሱ ያወጣዋል። ዮናስ፣ ዳንኤል፣ ጠፍቶ የተገኘው ልጅ ሁሉም እንዲህ በቃል ከመንደር መንደር ሄዱ። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ የዮሴፍን ታሪክ ግን እኔ ከመጽሐፍ ሳነብላት የዘለልኩትን ቁጥር ታርመኝ ነበር። ጸሎት ቤቱን ወላይታው «ዎሳ ኬታ» ይለዋል፤ ለእርሷ ግን ትምህርት ቤትም ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የወላይታ ወንጌል መዝሙር ሲወለድ የሕዝብ ዜማ ነበር። ያወጣው ገበሬው ነው፤ የተቀበለውም ገበሬው ነው።

አሁን ወደ ሌላው ወገን ልለፍ፤ ምክንያቱም እስካሁን ያልኩት ለሽማግሌዎቹ ፍትሐዊ አይደለም።

አያቴ ከማመኗ በፊት በመንደሯ የታወቀች አውጪ ነበረች። ሠርግ ያለ እርሷ አይደምቅም ይባል ነበር። ካመነች በኋላ ሠርግ ላይ አላወጣችም፤ የገዛ እኅቷ ልጅ ስትዳርም አላወጣችም። በዚህ ምክንያት ሁለቱ እኅትማማቾች ለዓመታት አልተነጋገሩም። ጊፋታ ሲመጣ የመንደሩ ሰው ሲጨፍር የእኛ ቤት ሰዎች ጓሮ ገብተው ይጸልዩ ነበር። ምክንያቱ ዜማውን መጥላት አይደለም። ጭፈራው ከጠጁና ከጠላው ጋር ነው፤ ቀንደ መለከቱና ከበሮው ከቃልቾው ደጅ ጋር ነው፤ የልቅሶው ሙሾ ደረት ከመድቃትና ፊት ከመቧጨር ጋር ነው። አንዱን ከሌላው ነጥሎ መያዝ ለእነርሱ የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ ከበሮውን ተዉ፣ መለከቱን ተዉ፣ ጭፈራውን ተዉ። ጉሮሮና ጭብጨባ ብቻ ቀራቸው። ጠባቧ ክፍል ውስጥ የጠየቁን ሽማግሌ በልጅነታቸው ይህን ዋጋ ከከፈለ ቤት የወጡ ናቸው፤ «ማን አስገባው?» ሲሉ የሚያዩት የእኛን ኪቦርድ ሳይሆን አባታቸው የጣለውን ከበሮ ነበር። ይህን ለመረዳት ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል። (በጓደኛዬ ላይ የተፈረደውን የሦስት ወር ቅጣት ግን እስከ ዛሬ አልተስማማሁበትም።)

ከነጻነት በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልበለው። የሚሲዮኖችን ሥራ የሚመለከተው የ1936 ዓ.ም. ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። የመዝሙር መጽሐፍ በአማርኛ ታተመ፤ ከተማ ያለው፣ ትምህርት ቤት የገባው፣ ከመጽሐፍ ዘመረ። የወላይትኛው ዝማሬ ባልታተመበት ገጠር ቀረ። ከዚያ ግን ሳይሞት ተጓዘ፤ የወላይታ ወንጌላውያን በእግራቸው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮ፣ ወደ አሪ ሲሄዱ ይዘውት የሄዱት እርሱን ነው። እኔ በተማሪነቴ አፍርበት ነበር። የገጠር ዘመዶቻችን ሲመጡና በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲያወጡ ሲቀበሉ መስኮት እዘጋ እንደ ነበር አልደብቅም።

አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ነገር ይፈላ ነበር። ከየካቲት 1955 ዓ.ም. ጀምሮ ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ መዝሙርን ወደ ቤት አስገባ። በ1960ዎቹ የሙሉ ወንጌል መዘምራን ለወጣቱ አዲስ ድምፅ ሆኑ፤ ለገሰ ወትሮ፣ ደረጀ ከበደ፣ ታምራት ኃይሌ፣ ተስፋዬ ጋቢሶ የመሳሰሉ ብቸኛ ዘማሪዎች ጊታርና አኮርዲዮን ይዘው ተነሡ። አንዱ ያወጣል፤ ሌላው ግን አይቀበልም፣ ያዳምጣል። አብዮቱ መጣ። ብሥራተ ወንጌል በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ተወረሰ። ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት ታሰረ። በወላይታ አብዛኞቹ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ። መዝሙር ካሴት ላይ ወጣ፤ ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ፣ በአሥረኛው ቅጂ ድምፁ ከውኃ ውስጥ እንደሚመጣ እየሆነ፣ በየቤቱ ይሰማ ነበር።

እግረ መንገዱን ደርግ ያደረገው ሌላ ነገር አለ፤ የታሪካችን ቋጠሮ የሚፈታው እዚህ ይመስለኛል። በየአውራጃውና በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ። ድምፀ መልካም የሆነ ወጣት ለኪነት ይፈለግ ነበር፤ መፈክር አላሰማም ያለ አማኝ ደግሞ ለእስር። የየብሔረሰቡ ጭፈራ ለመድረክ እንዲመች ተመጠነ፤ ከጊፋታው፣ ከሠርጉ፣ ከአዝመራው ተነጥሎ የአምስት ደቂቃ ትርኢት ሆነ። ለወላይታ የደረሰው ድርሻ ወገብ ነው። ኋላ የአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች ያንን ምት በኪቦርድና በድራም ማሽን አፈጠኑት፤ ወላይትኛ የማይሰሙ ድምፃውያን ሳይቀሩ በየአልበማቸው አንድ «ወላይታ» ማስገባት ልማድ አደረጉ። ምቱ ለኢትዮጵያ ሁሉ ደረሰ። እኔም በዚህ አልከፋም፤ በማላውቀው ከተማ ሻይ ቤት ተቀምጬ ስሰማው እግሬ ሳያስፈቅደኝ ይነሣል።

ውጤቱ ግን ይህ ነው፤ ጸሎት ቤቶቹ በ1983 ዓ.ም. ሲከፈቱ፣ በከተማ ያደገው ትውልድ ያንን ምት የሚያውቀው ከካሴትና ከቴሌቪዥን ብቻ ነበር። ስለዚህ ለእርሱ የዘፈን ምት ሆነ። ሌሊት ሌሊት ዮናስን የተሸከመው ምት መሆኑን የሚያውቁት ቦሎቄ የሚፈለፍሉት አሮጊቶች ናቸው፤ እነርሱን ደግሞ ማንም አልጠየቀም።

በሌላው ዓለም ይህ መተላለፍ ብዙ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ውጭ ነው። በአሜሪካ የጥቁሮች ጎስፔል አባት የሚባለው ቶማስ ዶርሲ የብሉዝ ፒያኒስት እንደ ነበር እርግጥ ነው፤ ከእርሱ በኋላ ግን ሬይ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1954 የመዝሙር ዜማ ወስዶ የፍቅር ዘፈን አደረገው፤ ሳም ኩክም በ1957 ዘማሪነቱን ትቶ ወደ ዘፈን ሄደ። በእኛ አገር የታወቁት ሰዎች የሄዱት በተቃራኒው ነው። በፖሊስ ኦርኬስትራ ገንና የወጣችው ሂሩት በቀለ ዘፈንን ትታ ዘማሪ ሆነች፤ በግንቦት 2015 ዓ.ም. እስካረፈችበት ድረስም ወደ ኋላ አልተመለሰችም። ሙሉቀን መለሰም እንዲሁ በዝናው ጫፍ ዘፈንን ተወ፤ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በአሜሪካ ሲያርፍ አገር ያለቀሰው ግን እርሱ ራሱ ከዐሥርት ዓመታት በፊት በተዋቸው ዘፈኖች ነበር። ይህን ሳስብ አያቴ ትዝ ትለኛለች። ሰው ዜማውን ይተወዋል፤ ዜማውን የተቀበለው ሕዝብ ግን አብሮት አይተወውም። የእኅቷ መንደር ሰዎች እስከ ሽምግልናዋ ድረስ የሚያስታውሷት በሠርግ አውጪነቷ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን ወደ ዘፈን የሚሄደው ደግሞ በስም አይሄድም፤ በጣት ይሄዳል። ዛሬ በአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች ኪቦርድና ቤዝ ከሚጫወቱት፣ ከሚያቀናብሩትም መካከል እጃቸውን በጸሎት ቤት ያፍታቱት ብዙ ናቸው። እሑድ መዝሙር፣ ሰኞ ዘፈን ያጅባሉ። ማንንም በስም አልጠራም፤ እነርሱም አይወዱትም።

የወላይታ ነገር ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። በ1992 ዓ.ም. የአራት ሕዝቦችን ቋንቋ ቀላቅሎ ለተማሪዎች የቀረበው «ወጋጎዳ» የተባለው መጽሐፍ ሕዝቡን ሲያስቆጣ፣ ደም ከፈሰሰበት ተቃውሞ በኋላ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። የቋንቋ ጉዳይ የክብር ጉዳይ ሆነ፤ ያፈርንበት ወላይትኛ መዝሙር በካሴት፣ ኋላም በቪሲዲ ወጣ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከዞኑ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ ፕሮቴስታንት ነበር፤ እንግዲህ ጊፋታ በሶዶ በአደባባይ ሲከበር ከሚወጣው ሰው ብዙው አያቶቹ ጓሮ ገብተው ይጸልዩ የነበሩ ናቸው። አንዳንዱ ይጨፍራል፤ አንዳንዱ ቆሞ ያጨበጭባል፤ አንዳንዱ ቤቱ ይውላል። ሦስቱንም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አውቃቸዋለሁ፤ የእኔው ነው። በጸሎት ቤትም ያ የተከለከለ ምት ዛሬ በየእሑዱ ይመታል። ጓደኛዬም ተመልሶ ብዙ ዓመት ተጫውቷል።

አያቴ ከማረፏ በፊት ባለው ዓመት ቴፕ ተውሼ ድምፇን ቀዳሁት። ባዶ ካሴት ስላልነበረኝ የዘፈን ካሴት ቀዳዳውን በወረቀት ደፍኜ በላዩ ላይ ነው የቀዳሁት። ዮናስን አወጣች፤ ዳንኤልን አወጣች፤ እኔና እናቴ ተቀበልናት። በመጨረሻ አንድ ነገር ለመንኳት፤ በልጅነቷ በሠርግ ታወጣው የነበረውን አንዱን ብቻ። ካሴቱ ላይ ረጅም ዝምታ አለ፤ ዶሮ ይሰማል፤ እናቴ «ተያት፣ አታስጨንቃት» ትለኛለች። ከዚያ አያቴ ያለ ቃል፣ አፏን ገጥማ ታንጎራጉራለች። አራት ወይም አምስት ትንፋሽ ያህል ነው። ከዮናሱ ዜማ ጋር አንድ ይሁን አይሁን ደጋግሜ ሰምቼ መወሰን አልቻልኩም፤ አንዳንድ ቀን ነው እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ አይደለም። ቀጥሎ ድምፇ ይሰማል።

«በቃ። ዝጋው።»